«ቋሚ» የሚለው ቃል ታሪክ፦ የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ አገኛኘትና አጠባበቅ



በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን «ዲቪ ደረሰው» ሲባል ነገሩ በዚያው የተፈጸመ ይመስለናል። እኛ የታሪክ ሰዎችም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም። ማን ገባ፣ በየት በኩል ገባ፣ ስንት ሰው ገባ እያልን እንጠይቃለን፤ የገባው ሰው ፈቃዱን እንዴት ጠብቆ እንዳቆየ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ የታሪኩ እኩሌታ ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ መሆኑን ነው።

ከማግኘቱ ልጀምር። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ዓመታዊ ኮታ ደለደለ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው መጠን፣ ማለትም በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት በ1965 በወጣው ሕግ ተሻረ፤ በምትኩም የቤተሰብ ትስስርና ሙያ ዋና መመዘኛ ሆኑ። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ላልነበረው ኢትዮጵያዊ ይህ በር ጠባብ ነበር። ሰፋ ያለው መንገድ የተከፈተው በሌላ አቅጣጫ ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ከደርግ ዘመን መከራ ሸሽተው በሱዳን ለተጠለሉ ብዙ ወገኖቻችን መሸጋገሪያ ሆነ። በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ዛሬ ዲቪ የምንለውን ዕጣ ደነገገ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ግሪን ካርድ የምንለው ሰነድ ሲወለድ የመብት ማረጋገጫ አልነበረም። በ1940፣ አውሮፓ በጦርነት ውስጥ ሳለች፣ በአሜሪካ የሚኖሩና ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሞላ የውጭ አገር ዜጎች ሁሉ ፖስታ ቤት እየቀረቡ አሻራ ሰጥተው እንዲመዘገቡ ታዘዘ። በሕግ የገባውም ያልገባውም ተመዘገበ፤ ለሁሉም ደረሰኝ ተሰጠ። ለቋሚ ነዋሪ ብቻ የሚሰጠው አረንጓዴ ካርድ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለብዙ ዘመን በይፋ የሚጠራው የምዝገባ ደረሰኝ ተብሎ ነበር። ቀለሙ በ1964 ተቀየረ፤ ስሙ ግን በሰው አፍ ቀረ። ካርዱ ራሱ ወደ አረንጓዴነቱ የተመለሰው በ2010 ነው። እንግዲህ የተስፋችን ምልክት የሆነው ካርድ የዘር ሐረጉ ከቁጥጥር መዝገብ ይመዘዛል ማለት ነው።

ይህ አመጣጥ በሕጉ ቃላት ውስጥም ይታያል። እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው የ1952 ሕግ ቋሚ ነዋሪነትን ሲተረጉም «መብት» አይለውም፤ የተሰጠ ልዩ ጥቅም ይለዋል። «ቋሚ» የሚለውንም ቃል ለብቻው ይፈታዋል። በሕጉ አፈታት ቋሚ ማለት ከጊዜያዊ የተለየ፣ የሚዘልቅ ግንኙነት ነው፤ ሆኖም ከመንግሥት ወይም ከግለሰቡ በአንዱ ፈቃድ፣ ሕግን ተከትሎ ሊፈርስ ይችላል። ቋሚ የተባለው ነገር መፍረሻው ከትርጉሙ ጋር አብሮ ተጽፏል።

ፍርድ ቤቶች ይህን ለማለዘብ የሞከሩበት ጊዜ ነበር። ፍሉቲ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ቋሚ ነዋሪ ለጥቂት ሰዓታት ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ ቢመለስ፣ መንግሥት እንደ አዲስ ገቢ ቆጥሮ ሊያባርረው ፈለገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963፣ አጭርና ጉዳት የሌለው ጉዞ ነዋሪነትን ለአደጋ ሊያጋልጥ አይገባም በሚል መንፈስ ወሰነ። በ1996 የወጣው ሕግ ግን መለኪያውን ለወጠው። ከ180 ቀናት በላይ በተከታታይ ከአገር የራቀ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ አመልካች ሊታይ ይችላል፤ የተወሰኑ ወንጀሎች የተገኙበት ሰው ደግሞ ጉዞው የአንድ ቀን ቢሆን እንኳ ከዚህ አያመልጥም። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰውም ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አይበቃውም።

ይህ የቀን ቁጥር በእኛ ሕይወት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እናቱ የታመመችበት ልጅ ሊያስታምም ይመጣል። ሕመሙ ይረዝማል፤ ከዚያም ቀብር፣ ከዚያም አርባ፣ ከዚያም ሙት ዓመት ይከተላል። ባህላችን ለሐዘን የሰጠው ዓመትና የውጭው ሕግ ለመቅረት የፈቀደው ዓመት ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ሕጉ ሲመረምር የሚፈልገው ሐሳብን ነው፦ ቤትህ የት ነው? ሥራህስ? ግብርህን የምትከፍለው የት ነው? ለሁለት አገር የሚኖር ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ መስጠት ይቸግረዋል።

ከዚህ ሥጋት ማምለጫው ዜግነት መውሰድ ነው። ነገር ግን በ2003 በወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘ ሰው የኢትዮጵያዊነት ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለእንዲህ ያለው ሰው በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ያለ ቪዛ የሚገባበትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠራበትን መታወቂያ ያስገኛል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አያካትትም። ሕዝቡ ቢጫ ካርድ ይለዋል። በሰው አገር አረንጓዴውን ካርድ ላለማጣት የተጨነቀ ሰው፣ በመጨረሻ በተወለደበት አገር ባለ ካርድ ነዋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የፍልሰትን ታሪክ ስታጠኑ በመግቢያው በር ላይ አትቁሙ። የጉዞ ማኅተሞችን፣ የመመለሻ ፈቃዶችን፣ ሳይመጡ ቀርተው በደብዳቤ የተላኩ የሐዘን ቃላትን ሰብስቡ። የገባው ሰው ቁጥር በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል፤ ፈቃዱን ለመጠበቅ ሲል ከእናቱ ቀብር የቀረው ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። እርሱን መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው።