የኡቡንቱ ኤል.ቲ.ኤስ የከርነል ማሻሻያ

የኡቡንቱ ኤል.ቲ.ኤስ የከርነል ማሻሻያ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው የኡቡንቱ ዕትም ላይ ነባሩን የሊኑክስ ከርነል በተጠገነ ወይም በአዲስ ከርነል የመተካት ሥራ ነው። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን ሜሞሪን፣ ፋይሎችን፣ ኔትዎርክንና ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙ መሣሪያዎችን ያስተዳድራል። የአማርኛ ፊደል ቅርጽና የኪቦርድ አቀማመጥ በሌሎች ጥቅሎች ውስጥ ስለሚገኙ ከርነሉ ሲታደስ አይለወጡም።

ታሪክ

የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ኡቡንቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ባቋቋመው ካኖኒካል በተባለ ኩባንያ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ዕትም 6.06 ሲሆን የወጣው በ2006 ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ዕትም በየ2 ዓመቱ በኤፕሪል ይወጣል። ስሙም ዓመቱንና ወሩን ያሳያል፤ 24.04 ማለት የ2024 4ኛ ወር ነው። መደበኛው ድጋፍ 5 ዓመት ይቆያል።

የቁጥሩ ትርጉም

ተጠቃሚው በተርሚናል ላይ የከርነሉን ስም ሲጠይቅ ለምሳሌ «6.8.0-31-ጀነሪክ» የሚል መልስ ያገኛል። 6.8 የከርነሉ ዋና ዕትም ነው። 31 ደግሞ ካኖኒካል የሚሰጠው ቁጥር ሲሆን ጥገናዎች በተጨመሩ ቁጥር ያድጋል። በዚህ ምክንያት 6.8 የሚለው ሳይለወጥ ለዓመታት ቢቆይም ከርነሉ አርጅቷል ማለት አይደለም፤ በኋለኞቹ ዕትሞች የተገኙ የደህንነት ጥገናዎች ወደ እሱ ተመልሰው ይገባሉ።

ሁለቱ የከርነል መስመሮች

የመጀመሪያው ጂ.ኤ የሚባለው ሲሆን ዕትሙ ሲወጣ የነበረውን ከርነል እስከ ድጋፉ ማብቂያ ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው ኤች.ደብሊው.ኢ ይባላል፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮች እንዲሠሩ ከቀጣዮቹ የኡቡንቱ ዕትሞች ከርነል ያመጣል። ለምሳሌ የ22.04 ጂ.ኤ ከርነል 5.15 ነው። በኤች.ደብሊው.ኢ መስመር ግን 5.19፣ 6.2፣ 6.5 እና በመጨረሻ 6.8 ተከታትለው መጥተዋል። የዴስክቶፕ ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የመስመሮቹ ልዩነት በማርች 2022 ይፋ በሆነው «ደርቲ ፓይፕ» በተባለው ስህተት በግልጽ ታይቷል። ስህተቱ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ለንባብ ብቻ የተፈቀዱ ፋይሎችን እንዲለውጥና ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲይዝ ያስችል ነበር። የገባው በ5.8 ከርነል ስለነበር የኡቡንቱ 20.04 ጂ.ኤ ከርነል፣ ማለትም 5.4፣ አልተነካም። በዚያው ዕትም ኤች.ደብሊው.ኢ 5.13ን ይጠቀሙ የነበሩ ግን ማሻሻያውን መጫን ነበረባቸው።

አጫጫን

አዲሱ ከርነል የሚጫነው ከአሮጌው ጎን ነው እንጂ በላዩ ላይ አይደለም። ኮምፒውተሩ እስኪጠፋና እንደገና እስኪነሳ ድረስ የሚሠራው አሮጌው ነው። ስለዚህ ማሻሻያውን ጭኖ ለሳምንታት ያላጠፋ ሰው ጥገናውን ገና አላገኘም። አዲሱ ከርነል አልነሳ ካለ ወይም ዋይፋይና ስክሪን ካበላሸ ግሩብ በሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ላይ የቀድሞውን መርጦ መግባት ይቻላል። በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋም አሮጌው ከርነል በቦታው ስለሚቆይ ብዙውን ጊዜ በእሱ ገብቶ የተቋረጠውን ማስጨረስ ይቻላል። አሮጌ ከርነሎች በዝተው ቦታ እንዳይዙ ስርዓቱ የማያስፈልጉትን ያስወግዳል፤ አንድ የቀድሞ ከርነል ግን ማስቀረት ይመከራል።

በሞባይል ዳታ ሲጠቀሙ

ኡቡንቱ የደህንነት ማሻሻያዎችን ያለ ትእዛዝ በየቀኑ ፈልጎ እንዲጭን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ካወቀ ይህን ሥራ ያልፈዋል። ኮምፒውተሩ ከአንድሮይድ ስልክ በሆትስፖት ሲገናኝ ስርዓቱ መስመሩን እንዲህ ያለ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የአንድ ከርነል ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን ይህ የተጠቃሚውን ጥቅል ያድናል። ጉዳቱ ግን ድምፅ የለውም፦ ለምሳሌ በከሚሴ ወይም በጨፋ ሮቢት ሁልጊዜ ከስልኩ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ማሻሻያው በራሱ እየተጫነ ይመስለው ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን ለወራት ሳይታደስ ሊቆይ ይችላል።

መፍትሔው በየጊዜው ዋይፋይ ባለበት ቦታ ወይም የዳታ ዋጋ በሚቀንስበት ሰዓት የሶፍትዌር ማሻሻያውን በእጅ ከፍቶ መጫን፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳትና የከርነሉ ቁጥር መለወጡን ማየት ነው። በርካታ ኮምፒውተሮች ባሉበት ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ደግሞ ጥቅሎቹን አንድ ጊዜ አውርዶ ተመሳሳይ የኡቡንቱ ዕትም ወዳላቸው ሌሎች ኮምፒውተሮች በፍላሽ ማዛወር ይቻላል።