ማንኩሳ ጸሐፊ አገኘች፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ስሟን ግን ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ያኖሯቸው እዚያ ነውና። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ሲተርከው ማንኩሳ በየቤቱ ገባች። በገበያም በሕዝብም የሚበልጧት ጎረቤቶቿ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

ሰሞኑን ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር በስልክ ስንጫወት በልጅነታችን የምናውቃቸውን የፍኖተ ሰላም ቤቶች ለመቁጠር ሞከርን። ጠጅ ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ካሴት መሸጫው፣ ፉርኖ ቤቱ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ አውቶቡስ ለምሳ የሚቆምበት ሆቴል... ሃያ ያህል ደረስን። ከሃያዎቹ ዛሬ በቦታቸው ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት መቼና ለምን እንደተዘጉ የምትነግር አንዲት ገጽ ጽሑፍ እንኳ እንደሌለች ስንረዳ ሁለታችንም ዝም አልን።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ ከተሞች በታሪክ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የሚገኙት ግን ጦርና ንጉሥ ሲያልፍባቸው ነው። ኢጣሊያ ምሽግ ሠርታባት የነበረችውን ቡሬን በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ለቅቃ እንደወጣች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ እንደገቡ ተጽፏል። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ «የሰላም መንገድ» የሚለውን የግእዝ ስሟን ያገኘችውም ከዚሁ የንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ጋር ተያይዞ እንደሆነ አረጋውያን ይናገራሉ። ንጉሡ ግን አልፈው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መንደሩን ከተማ ያደረጉት እነማን ናቸው? ጠጅ ጣይዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጎሚስታው፣ ሾፌሩ። ስለ እነርሱ ማን ጻፈ?

የጠጅ ቤቱን ነገር እንውሰድ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከትዳራቸው ወጥተው ወይም ባላቸው ሞቶባቸው ከገጠር የመጡ። ቤቱ ሰሌዳ አልነበረውም፤ የሚጠራው በሴቲቱ ስም ነበር። በገበያና በችሎት ቀን ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት የመጣው ገበሬ፣ መምህሩ፣ ጸሐፊውና የጭነት መኪና ሾፌሩ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አዝማሪው በማሲንቆው ሹሙን ሲሸነቁጥ ሹሙ ራሱ እዚያው ተቀምጦ ይስቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ ጋዜጣ የማያነበው ሕዝብ ወሬውን የሚለዋወጠው በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በእነዚህ ቤቶች ነበር። በእኔ እምነት ጠጅ ቤቱ የመጠጥ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ጎጃም የነበረው ያልታወጀ ሸንጎ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። በአዋጁ የቤት ኪራይ ስለቀነሰ ድሀው ተከራይ ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጠጅ ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በሁለተኛ ቤት ላይ ያዋለች ሴት፣ እንደ ትልቁ ባለ ርስት ተቆጥራ የጡረታ ዋስትናዋን አጣች። ከዚያ በኋላ መዝናኛውም ወደ ቀበሌ ተዛወረ።

እኔ የደረስኩት በዚህ ዘመን መጨረሻ ነው። የቀበሌ ኪነት ቡድን፣ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ሜዳ የሚደረግ የቀበሌዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረን። ማሊያ የሌለው ቡድን ልብሱን አውልቆ ይጫወት ነበር። የቡሬ ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው እየዘፈኑ ሲመጡ ከተማው በሙሉ ሥራ ይፈታል። ነገር ግን ትዝታ አታላይ ነውና ሌላውንም እንናገር፦ ኪነት ያየንበት አዳራሽ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የታፈሱ ወጣቶች የሚያድሩበትም ነበር። ኳስ ሲጫወት በጭብጨባ የሸኘነው ልጅ በዚያው ሄዶ ያልተመለሰ አለ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም፣ ቡድኑም አብረው ፈረሱ። አፈሳውን ስናወግዝ ኳሱንም አብረን ጣልነው።

ሦስተኛው ለውጥ የመጣው በመንገድ ነው። በ1989 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌሊቱን መንገድ ላይ ማሳለፍ ግድ ነበር። የምሳ ቤቱ፣ የአልቤርጎው፣ የቆሎ ሻጩ ሕይወት በዚህ ዝግታ ላይ የቆመ ነበር። ከዚያ አስፋልቱ መጣ፤ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይም በአባይ ላይ ተከፈተ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ደስታችንም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ አውቶቡሱ መቆም ሲያቆም በመቆሙ የሚኖሩት ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በዚያው ሰሞን የሳተላይት ዲሽ ገባ። ወጣቱ የአርሰናልን አሰላለፍ በቃሉ የሚያውቅ፣ የገዛ ከተማውን ቡድን በረኛ ስም ግን የማያውቅ ሆነ።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ፣ አሁን የከተሞቻችን ቀን ወጣ ብለን ነበር። ሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ፣ በድሮን እንደተፈጸመ በተነገረ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸው ተዘግቧል። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነች ከተማ! በሰዓት እላፊ አምሽቶ የሚሠራ ቤት የለም፤ መንገድ ሲዘጋም ገበያ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው እየሞተ ስለ ጠጅ ቤትና ስለ ኳስ ቡድን ማውራት ቅንጦት ይመስልህ ይሆናል። እኔ እንዲህ አላየውም። የተጻፈ ታሪክ የሌለው ከተማ ለመጣው ሁሉ ባዶ መሬት ነው። አንዱ «ምንም አልነበረም፣ እኔ ሠራሁት» ይላል፤ ሌላው «ምንም አይጠፋም» ብሎ ያፈርሰዋል። ገበሬውና ሹሙ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይሰዳደቡና ይሳሳቁ እንደነበር የማያውቅ ትውልድ፣ አለመግባባትን በሌላ መንገድ መፍታት ይቻላል ቢሉት ከየት አምጥቶ ያምናል?

ጥፋቱ የገዥዎች ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት ሹማምንት በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የሠፈራችንን ፎቶ አንሺ አንድ ቀን እንኳ ጥያቄ አልጠየቅሁትም። የሠርጋችንን፣ የምረቃችንን፣ የቡድኖቻችንን ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ያስቀምጥ ነበር። እርሱ ሲሞት ቤቱ ተሸጠ፤ ቆርቆሮው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእነዚህ ከተሞች የወጣህ መምህር፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ሁሉ፣ የምታውቀውን አንድ ቤት ጻፍ፦ ባለቤቱ ማን ነበረች? ብርሌው ስንት ይሸጥ ነበር? ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ ነበር? ለምን ተዘጋ? ሐዲስ ዓለማየሁን መሆን አይጠበቅብህም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። እኔም ከጓደኛዬ ጋር የቆጠርናቸውን ሃያዎቹን መጻፍ ጀምሬያለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ደርሼ የባለቤቷ ስም ጠፋብኝ። ደውዬ የምጠይቃቸው አዛውንት ደግሞ ባለፈው ዓመት አርፈዋል።

ቸር ወሬ ያሰማን!