ጫፍ የሌለው ምሰሶ

ሰው አንድ የእንጨት ቅርጽ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ሰው ካልሆነ፣ ወፍ ካልሆነ፣ ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ መዘዝ አለው። ቀረጥ ያስከፍላል፤ ሐውልትም ያስነቅላል።

ሩማኒያዊው ኮንስታንቲን ብራንኩሲ የተወለደው በ1876 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆቢጻ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በዚያ አገር የቤቱን ምሰሶና የግቢውን በር ጠርቦ ማስጌጥ የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ክራዮቫ የእጅ ሙያ፣ ቡካሬስት ሥነ ጥበብ ተማረና በ1904 ፓሪስ ገባ። በ1907 ከታላቁ ሮዳን ስቱዲዮ ጥቂት ሠርቶ ወጣ።

በ1918 «ጫፍ የሌለው ምሰሶ» የተባለውን ሥራ ከኦክ እንጨት ጠረበ። መሐሉ ሰፋ፣ ሁለት ጫፎቹ ጠበብ ያሉ አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ ሽቅብ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተረት አይተርክም፣ የማንንም መልክ አያሳይም። የሚናገረው በድግግሞሽ፣ በልክና በሚዛን ነው። ከበሮም እኮ እንደዚያው ነው፤ አንዱ ምት ብቻውን ምንም አይልም፣ ሲደጋገም ግን ትከሻ ያነቃንቃል።

ይህን ቋንቋ ያልሰሙ ግን ነበሩ። በ1926 የብራንኩሲ የነሐስ «ወፍ» አሜሪካ ሲገባ ጉምሩክ «ይሄ ወፍ አይመስልም» ብሎ ከወጥ ቤት ዕቃና ከሆስፒታል መገልገያ ጋር መደበውና 40 በመቶ ቀረጥ ጠየቀበት። ፍርድ ቤት «ጥበብ ነው» ያለው በ1928 ነው።

ምሰሶውም ቢሆን ፈተና አላጣውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን የጎርዥ ሴቶች ማኅበር ጠይቆት በ1938 ታርጉ ዢዩ ከተማ ላይ ቆመ። ብራንኩሲ ሞዴሉን በእንጨት ጠረበ፤ በዚያ ልክ ብረት ቀለጠ። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠባቡ 45፣ ሰፊው 90፣ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁልጊዜ እጥፍ። 15 ሙሉ ቁራጮች፣ ከላይና ከታች ደግሞ ግማሽ ግማሽ፤ በድምሩ 29 ሜትር ከምናምን። ላይኛው በግማሽ መቆረጡ ነው ዓይን ወደ ሰማይ እንዲቀጥል የሚያደርገው። ለሟች ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? ሆኖም በ1950ዎቹ የአገሩ ኮሚኒስቶች ለብረቱ ሲሉ በትራክተር ሊጥሉት እንደሞከሩ ይነገራል። አልወደቀም፤ በ2024 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ኮንሶን ያስብ። ዋካም ለጀግና የሚቆም የእንጨት መታሰቢያ ነው። ፊት ቢኖረውም አሠራሩ ከምሰሶው አይርቅም፤ ጀግናው፣ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶች በረድፍ ይቆማሉ፣ ማን ማን እንደሆነም ከአቋሙና ከምልክቱ ይነበባል። ከረድፉ አንዱ ቢነቀል ንባቡ ይጎድላል። ስንቱ ዋካ ግን ከመቃብር ላይ እየተሰረቀ ለገበያ ቀርቧል! የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን መዝገብ ዘብ አይቆምም።

እንግዲህ ጥያቄውን ብንለውጠው አይከፋም። «ምን ይመስላል?» ሳይሆን «ለማን ቆመ? ልኩስ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። የጉምሩኩ ሹም ድስት፣ ባለትራክተሩ ቁርጥራጭ ብረት፣ የዋካው ሌባም የሚሸጥ እንጨት ያዩት ይህን ባለመጠየቃቸው ነው።