ከፓምፕ እስከ ወረርሽኝ፦ የ“ተራ” መሣሪያ ብልሽት ደኅንነትን እንዴት ያናጋል?

ካላክላን ጨምሮ በካርቱም ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ የሚደርሰው ፓምፖች የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኙ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. (እአአ 2025) የድሮን ጥቃቶች የከተማዋን የኃይል ጣቢያዎች ሲመቱ የውሃ ማጣሪያዎች ሥራ አቆሙ። ነዋሪዎች ንጽሕናው ካልተጠበቀ ምንጭ ለመቅዳት ተገደዱ፤ የኮሌራ ወረርሽኙም ተባባሰ።

የኒውክሌር ባለሙያዎች መሰል ሰንሰለት ያውቃሉ። በአሜሪካው ስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ መጋቢት 1971 ዓ.ም. (እአአ 1979) የደረሰው አደጋ የጀመረው ከኒውክሌር ክፍሉ ውጭ ያሉ የውሃ ፓምፖች በመቆማቸው ነበር። ቀጥሎ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ፤ ኦፕሬተሮች ይህን ባለመረዳታቸው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውሃውን ቀነሱ። የማብላያው እምብርት በከፊል ቀለጠ።

በማመንጫም ሆነ በከተማ፣ አንድ መሣሪያ ሲቆም ምን አብሮት እንደሚቆም አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።