ስመ ጥር ፈረስና የውርርድ ሒሳብ

በአዲስ አበባ ስታዲየም ከተመልካች መቀመጫው ሥር የተደረደሩትን ሱቆችና መጠጥ ቤቶች ያጤነ ሰው፣ የስፖርት ሕንፃ የገበያ ሕንፃም ጭምር መሆኑን ይገነዘባል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ግብጽን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣበት በዚህ ሜዳ፣ እንደ ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ያሉ ኮከቦች ሕዝብን ይስቡ ነበር፤ ሕዝቡም በተራው ገበያውን ያደምቅ ነበር። በ2010ሮቹ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተማችን ሲበራከቱ ግን፣ በኮከቡና በገበያው መካከል ውርርድ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። የሦስቱን ግንኙነት ለመረዳት፣ ውርርድ ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነበትን የፈረስ እሽቅድምድም ታሪክ መመልከት ይበጃል። ጥያቄውም ዝነኛ ፈረስ ለእሽቅድምድም ሜዳው ሀብት ነው ወይስ ዕዳ? የሚል ነው።

በአገራችን የፈረስ ዝና የቆየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» መባላቸው፣ የፈረሱ ስም የጌታውም መጠሪያ እንደ ነበር ያስረዳል። በጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድ ነበር፤ በአዊም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ይሁንና በእኛ ዘንድ የፈረስ ዝና በአመዛኙ ያስገኘው ክብርን ነው። በሌላው ዓለም ግን ዝናው በሒሳብ መዝገብ ሰፍሯል።

ለዚህም መንገዱን የጠረገው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ በዦዜፍ ኦሌ የተጀመረው የጋራ ውርርድ ነው። በዚህ ሥርዓት የተወራራጆች መደብ ሁሉ በአንድነት ይጠራቀማል፤ አዘጋጁ ድርሻውን ካነሣ በኋላ ቀሪው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ስሌቱን በፍጥነትና ያለ አድልዎ ለማከናወን፣ መሐንዲሱ ጆርጅ ጁሊየስ የሠራው የመጀመሪያው አውቶማቲክ የውርርድ መደመሪያ መኪና በ1913 (እ.ኤ.አ.) በኒውዚላንድ፣ በኤለርስሊ ሜዳ ተተከለ። መኪናው መጀመሪያ የታሰበው ለምርጫ ድምፅ ቆጠራ እንደ ነበር ሲታወስ፣ የሙያችን ውጤት ምን ያህል ካልታሰበ ቦታ ሊውል እንደሚችል ያሳያል።

ዝነኛ ፈረስ ሕዝብን እንደሚስብ የማያጠራጥር ነው። ኅዳር 1 ቀን 1938 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር) ሲቢስኪት ከዋር አድሚራል ጋር በባልቲሞር ፒምሊኮ ሜዳ ሲወዳደር፣ ዕለቱ የሥራ ቀን ቢሆንም 40,000 ያህል ተመልካች ተገኝቷል። የመግቢያው፣ የምግቡና የመጠጡ ገቢ ከዚህ ይመነጫል።

በውርርዱ መስኮት ያለው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል 10,000 ብር ተጠራቅሞ የአዘጋጁ ድርሻ 15 በመቶ ነው እንበል። ለአሸናፊዎች የሚቀረው 8,500 ብር ይሆናል። ከመደቡ 9,800 ብር በዝነኛው ፈረስ ላይ ከዋለና ፈረሱ ካሸነፈ፣ አሸናፊዎቹ ያስያዙትን እንኳ አያገኙም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ደንቡ አሸናፊው ከመደቡ በላይ ጥቂት ትርፍ እንዲያገኝ ያዝዛል። ትርፉ 5 በመቶ ቢሆን የሚከፈለው 10,290 ብር ነው፤ አዘጋጁ ድርሻውን ከማጣቱም በላይ 290 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ስለዚህ መቀመጫውን ያስሞላው ፈረስ ካዝናውን ሊያራቁት ይችላል ማለት ነው።

ሴክሬታሪያት በ1973 (እ.ኤ.አ.) በቤልሞንት በ31 የፈረስ ቁመት ርቀት ሲያሸንፍ፣ ሁለት ዶላር ያስያዘ ሰው የደረሰው 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብቻ ነበር። የ5,617 አሸናፊ ቲኬቶች ገንዘብ ሳይጠየቅ ቀረ፤ ብዙዎች ቲኬቱን ለማስታወሻ መያዝን መርጠዋልና። ሳይቴሽን ደግሞ በ1948 (እ.ኤ.አ.) በፒምሊኮ ልዩ ውድድር የሚገጥመው ስለ ጠፋ፣ ሜዳውን ብቻውን ዞሮ 10,000 ዶላር ሽልማት ወሰደ። ተፎካካሪ በሌለበት ውርርድ የለም።

የአውስትራሊያው ፋር ላፕ ዕጣ ከዚህም የከፋ ነበር። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ከሜልበርን ዋንጫ ሦስት ቀን በፊት ተኩስ ተከፈተበት፤ ተኳሾቹ አልታወቁም፤ ጥርጣሬው ግን ፈረሱ ቢያሸንፍ ብዙ ገንዘብ መክፈል በሚጠብቃቸው አወራራጆች ላይ ወደቀ። ፋር ላፕ ከጥይቱ ተርፎ ዋንጫውን አሸነፈ። ውድድሩን ለማመጣጠን በቀጣዩ ዓመት 68 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ቢደረግ ስምንተኛ ወጣ። የክብደት ጭነት ደንብ ውድድሩን ለማመጣጠን የታሰበ መፍትሔ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እንስሳው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ኮከብ ሕዝብን ወደ ሜዳ ቢጠራም ውርርድን በሕይወት የሚያቆየው የውጤቱ አለመታወቅ መሆኑን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ ስታዲየማችንን ይሞላው የነበረው ሕዝብም የመጣው ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ስላላወቀ ነው። እንግዲህ የስፖርት ማዕከል የምንነድፍም ሆንን ገቢውን የምንተምን ባለሙያዎች፣ ስሌታችንን በአንድ ኮከብ ላይ ከመመሥረት መቆጠብ ይገባናል። ሸክሙን ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ያሳረፈ ሕንፃ፣ ምሰሶው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ደኅና ነው አይባልም።