የሯጭ እግር አረጋገጥ

የሯጭ እግር አረጋገጥ የሚባለው ሯጩ በየእርምጃው መሬትን አስቀድሞ የሚነካበት የእግሩ ክፍል ሲሆን፣ እርሱም በሦስት ይከፈላል፤ በተረከዝ፣ በመላው ውስጥ እግርና በፊተኛው የእግር ክፍል።

የአበበ ቢቂላ ባዶ እግር

ነገሩ በኢትዮጵያ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ፣ ወታደሮች ችቦ ባበሩለት መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ድል ያደረገበት ታሪክ ነው። ጫማውን ስለ ተወበት ምክንያት ግን ተራኪዎቹ አይስማሙም፤ አንዳንዶች ለሯጮች ከቀረበው ጫማ ልኩ ስላልተገኘለት ነው ሲሉ፣ ሌሎች አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነው ይላሉ፤ የቀሩትም ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር በልምምድ ተመዝኖ አስቀድሞ የተቆረጠ ምክር ነበር ይላሉ። እነዚህ ቃሎች የግድ የሚጣሉ አይመስሉም፤ ጫማው ባይመቸውም እንኳ የለመደና የጠነከረ ውስጥ እግር ባይኖረው ኖሮ የጥንታዊውን የአጵያ መንገድ ድንጋይ እንዲያ ሊያልፈው ባልቻለ ነበርና። ይሁን እንጂ ያው ሰው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ ስላሸነፈ፣ የሮማው ድል ለባዶ እግር ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ጉዳት

በተረከዝ የሚረግጥ ሯጭ እግሩ መሬት በነካበት ቅጽበት ድንገተኛ ግፊት ይቀበላል፤ ጭነቱም በይበልጥ ወደ ጉልበቱ ያዘነብላል። በፊተኛው የእግር ክፍል የሚረግጠው ደግሞ ይህን ግፊት ቢያለዝበውም ሸክሙን ወደ ባቱና ወደ ተረከዙ ጅማት ያዛውረዋል። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሐተታ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አዘውትረው በፊተኛው ክፍል እንደሚረግጡ ገልጸዋል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ ዳሰነቾች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ባዶ እግራቸውን ያደጉት እነዚህ ሰዎች በመካከለኛ ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዝ እንደሚረግጡ ስላሳየ፣ ልማድ ብቻውን አረጋገጥን ይወስናል ማለት ያዳግታል።

የጉልበት ቁጠባ

በኦክስጅን ፍጆታ ሲለካ ከሦስቱ አንዱ ለሁሉም ሯጭ የላቀ ሆኖ አልተገኘም።

ምክር

በመካኒሳ አስፋልት ማለዳ የሚሮጥ ሰው ሕመም ከሌለበት አረጋገጡን እንዲለውጥ የሚያስገድደው በቂ ምክንያት የለም፤ ሊለውጥ ቢወድ ግን ባቱና ጅማቱ እስኪለምዱ በወራት ጊዜ ቀስ በቀስ ማድረግ ይገባዋል።