ማዕድና መድኃኒት

በደምህ ያለው ስኳር ከልክ አልፏል ተብሎ፥ ደዌው ሁለተኛው ዓይነት መሆኑ የተነገረው ሰው፥ ከድንጋጤው መለስ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ ኪኒኑን ከዛሬ ልጀምር ወይስ እህሉን ቀንሼ እግሬንም አፍታትቼ ጥቂት ወራት ልሞክር ብሎ ነው። ጥያቄው ለእርሱ አዲስ ይምሰለው እንጂ፥ ከእርሱ በፊት ብዙ ሊቃውንት የተከራከሩበት፥ ብዙ ሕሙማንም ሕይወታቸውን የሰጡበት ስለ ሆነ፥ ከሥሩ ጀምሮ ታሪኩን መመልከት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፥ ይህ ደዌ የሰውን ሥጋ አቅልጦ በሽንት እንደሚያፈስስ ጽፏል። የህንድ ጠቢባን ደግሞ የሕሙሙ ሽንት ጉንዳን እንደሚሰበስብ አይተው ደዌውን የማር ሽንት ብለው ሰየሙት፤ ከዚህም የሚበልጠው ማስተዋላቸው፥ አብሮ ተወልዶ የሚያከሳውን ከመብልና ከመቀመጥ ብዛት በወፈረ ሰው ላይ ከሚመጣው መለየታቸውና፥ ለዚህኛው ሕሙም መራመድን ማዘዛቸው ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ተዘንግቶ ስለ ነበር የደረሰውን ጥፋት ወደ ታች እናያለን።

እንግሊዛዊው ማቴዎስ ዶብሰን በ1776 የሕሙሙን ሽንት አትንኖ ስኳር ማግኘቱን ከገለጠ ወዲህ፥ ስኳሩ ከምግብ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደ። በ1797 የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ሮሎ እህልን ከልክሎ ሥጋና ስብ የሚያበላ ሥርዓተ ምግብ በመጽሐፍ አወጣ። እኛ በጾም ወራት ሥጋና ቅቤን ትተን እህሉን እንፈቅዳለን፤ እርሱ ግን እህሉን ጾመ፥ ሥጋውን ፈቀደ። ጾም ሁሉ የስኳር መድኃኒት ነው ብሎ በየዋህነት የሚያምን ወገናችን ብዙ ነውና ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ በፓሪስ የነበረው የመድኃኒት ሊቅና የጤና አጠባበቅ መምህር አፖሊኔር ቡሻርዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ረዘም ያለ ስፍራ ይገባዋል። በ1870 የጀርመን ሠራዊት ፓሪስን ከብቦ ሕዝቡ በረኃብ በተጨነቀ ጊዜ፥ ሌላው ሁሉ ሲከሳና ሲማቅቅ፥ የእርሱ ሕሙማን ከሽንታቸው ስኳሩ እየቀነሰ መሄዱን አስተዋለ። ከጦርነት መከራ መካከል ትምህርት ያወጣው ይህ ሰው፥ ሕሙማኑን በተቻላቸው መጠን ጥቂት እንዲበሉ፥ በእጃቸውም እንዲሠሩ ይመክር ነበር፤ እንጀራን በላብ ስለ መብላት ለአዳም የተነገረውንም ቃል ያስታውሳቸው ነበር። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ምክር ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ዳሩ ግን የጠቢብ ምክር እንኳ ለማይገባው ሰው ሲሰጥ መከራ ይሆናል። ከ1914 ጀምሮ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ አለን፥ ስኳሩ ከሽንት እስኪጠፋ ድረስ ሕሙሙን እያስራበ፥ ከዚያም ምግቡን በሚዛን እየለካ የሚሰጥበትን ሥርዓት አጸና። የከፋ ሐሳብ አልነበረውም፤ በዘመኑ ሌላ መሣሪያ አልነበረምና። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ በ11 ዓመቷ ታማ በዚህ ሥርዓት ከቈየች በኋላ፥ በ1922 ቶሮንቶ ስትደርስ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ክብደቷ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነበረ። በዚያች ከተማ ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት በ1921 የደምን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አግኝተው ነበርና፥ በኢንሱሊኑ መርፌ ከሞት ተርፋ እስከ 1981 ኖረች። ማዕድ ብቻውን ዕድሜዋን ሊያራዝምላት እንጂ ሊፈውሳት አልቻለም፤ ደዌዋ ቡሻርዳ በወፈሩት ሕሙማኑ ላይ ያየው ደዌ አልነበረምና። ለንደናዊው ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በ1936 ሕሙማንን ለኢንሱሊን በሚሰጡት ምላሽ ለሁለት እስኪከፍላቸው ድረስ፥ የህንድ ጠቢባን የተናገሩት ልዩነት በትክክል አልተጠናም።

ለሁለተኛው ዓይነት የሚሆነው ኪኒን የተገኘው ከቅጠል ነው ማለት ይቻላል። ጋሌጋ በምትባለው የአውሮፓ ዕፅ ውስጥ ያለው ቅመም ስኳርን እንደሚያወርድ ከታወቀ በኋላ የእርሱ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 በደብሊን ተቀመመ፤ ፈረንሳዊው ዣን ስተርን በ1957 ለሕሙማን መጥቀሙን እስኪያሳይ ድረስ ግን ተረስቶ ኖረ። አሜሪካኖች የፈቀዱት በ1994 ነው።

ክርክሩን በሚዛን ያኖረው በ1977 በብሪታንያ የተጀመረው ታላቅ ጥናት ነው። በጥናቱ የገቡት 5102 አዳዲስ ሕሙማን ሁሉ መጀመሪያ ለሦስት ወር በምግብ ሥርዓት ብቻ ተሞከሩ። በዚያው ብቻ እንዲቀጥሉ ከተመደቡት መካከል ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስኳራቸው በሚፈለገው ልክ የተገኘው ከመቶ 9 ያህሉ ነበሩ። ደዌው ከዓመት ወደ ዓመት ይገፋልና፥ ምግቡ ያልበቃው ሰው ሁሉ ቃሉን ያፈረሰ ሰነፍ ነው ማለት ግፍ ነው። ኪኒን መዋጥ ለሆዱ የተሸነፈ ሰው የሚቀበለው ቀኖና አይደለም። በ2006 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕክምና ማኅበራት ሜትፎርሚን ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጋር ደዌው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቡሻርዳም አልተረታም። ውጤቱ በ2017 በታተመው በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በተደረገ ጥናት፥ ደዌው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያላለፋቸው ወፍራም ሕሙማን፥ ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ያህል ብቻ እየተመገቡ ቈይተው፥ በዓመቱ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከደዌው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። የከሱት ብዙ ኪሎ በሆነ መጠን እንዲህ ስኳራቸው የወረደላቸውም በዝተዋል።

እንግዲህ ይህ ደዌ በቅርቡ የተነገራችሁ ሆይ፥ ኪኒኑን ያቆሙት እነዚያ ሕሙማን ያቆሙት በሐኪም ትእዛዝ፥ ደማቸውም እየተለካ መሆኑን አስቡ። በእናንተ አካል ላይ የትኛው እንደሚቀድም ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩ፤ እስከዚያው የታዘዘላችሁን መድኃኒት በገዛ ፈቃዳችሁ አትጣሉ።